ሽማግሌዎቹ ያዳኑት ሰርቨር

ባለፈው ሐሙስ ጠዋት... አንድን ሰርቨር ሰው ፊት ላዋርድ ሄጄ፣ እኔው ተዋርጄ ልመለስ ምንም አልቀረኝም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔና መሳይ እዚህ አርባ ምንጭ አንድ ቢሮ ውስጥ ዌብሳይት እንሠራለን። ኩልፎ ወንዝ ዳር ላሉ የሙዝ ገበሬዎች ማኅበር፣ ነጋዴውና ደላላው በስልኩ ሙዝ የሚያዝዝበት ዌብሳይት ሠራንላቸው። አለቀ፣ አማረ። የቀረው ሰርቨሩን መምረጥ ብቻ ነበር... እዚያ ላይ ተጣላን።

ሰርቨር ማለት ለማታውቁት፣ ሰው ዌብሳይቱን ሲከፍት «አቤት» ብሎ የሚያስተናግደው ነው። መሳይ የፈለገው እኛ ስንሠራ ስንሞክርበት የነበረውን ነው። ያ ደግሞ አንድ አስተናጋጅ ብቻ ያለው ምግብ ቤት በሉት፤ አንዱን ሳይጨርስ ሌላውን ዞር ብሎ አያይም። ስናስነሳው ራሱ «እኔ ለሙከራ ነኝ፣ ለዋናው ሥራ አትጠቀሙብኝ» ብሎ ይጽፋል። ራሱ እየለመነ እኮ ነው!

«ሲሠራ የኖረን ነገር ለምን እንነካካለን?» ይላል መሳይ።

«አንተ ብቻህን ስትከፍተው ነዋ የሠራው!» እላለሁ እኔ። ብዙ አስተናጋጅ ያለው፣ ለዋናው ሥራ የሚሆን ሰርቨር ይጫን ባይ ነኝ።

ቀልድ አልነበረም። ለቅዳሜ ጭነት ሙዙ እየተቆረጠ ነው። ትእዛዝ ካልገባ መኪና አይመጣም፤ ሙዝ ደግሞ ሰርቨር እስኪስተካከል ብሎ አይጠብቅም። ከጠቆረ የገበሬው ልፋት ገደል ገባ ማለት ነው።

እናም ተንኮል አሰብኩ። ሐሙስ ማኅበሩ አዳራሽ ሄደን ዌብሳይቱን ስናሳይ፣ አባላቱን በሙሉ በአንዴ አስከፍታቸዋለሁ... የመሳይ ሰርቨር እዚያው ፊታቸው ይዘረራል። የተሸነፈ አሳ ይጋብዛል ተባብለናል።

አዳራሹ ሞልቷል። ሊቀመንበሩ ጋሽ አልታዬ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፤ በሁለት ሰርቨር መጣላታችንን ነግረናቸዋል። «በሉ ስልካችሁን አውጡና ሁላችሁም ክፈቱት!» አልኩ።

አንድም ሰው አልተሻማ...

ጋሽ አልታዬ መነጽራቸውን አደረጉ። ቀስ ብለው ከፈቱ። አዩ። ጨረሱ። ከዚያ አጠገባቸው ወዳሉት አዛውንት ዞረው «በል ቀጥል» አሏቸው። እሳቸውም ከፈቱ፣ አዩ፣ ጨረሱ፣ ወደ ቀጣዩ ራሳቸውን ነቀነቁ...

ለካ እነዚህ የዱቡሻ ሰዎች ናቸው! ዱቡሻ የጋሞ ሽማግሌዎች የሚመክሩበት አደባባይ ነው። እዚያ አንዱ ተናግሮ ሳይቀመጥ ሌላው አይነሳም። እኔ ራሴ ጋሞ፣ የጨንቻ ልጅ ሆኜ ይሄን መርሳቴ!

«ኧረ ባካችሁ አንድ ላይ ክፈቱት!» ብዬ ለመንኩ።

ጋሽ አልታዬ በትዝብት አዩኝ። «ልጄ፣ ሰው ሳይጨርስ እንዴት ይገባል? ነውር ነው።»

ያ ሰነፍ ሰርቨር በሕይወቱ እንዲህ ተመችቶት አያውቅም። አንድ በአንድ ሲያስተናግድ፣ አንዴ እንኳ አልተንገዳገደም። መሳይ ጥርሱ አልከደን አለ። «እኔ የተጠበሰ ነው የምወደው» አለኝ በጆሮዬ።

ጋሽ አልታዬ «ይሄ ጨዋ ሰርቨር ነው፣ እኔ ወድጄዋለሁ...» ብለው ሲጀምሩ ደሜ ፈላ። ተነስቼ እየሮጥኩ ወጣሁ።

ከበሩ ውጭ ደላሎቹ አይሱዙ ተደግፈው ያወራሉ። የዌብሳይቱ ሊንክ በቴሌግራም ደርሷቸዋል። «ስሙ!» አልኳቸው፤ «ዌብሳይቱ ተከፍቷል! ቀድሞ ያዘዘ ቀድሞ ይጭናል!»

ወይ ጉድ... ያ ሁሉ ጣት በአንዴ ስልክ ላይ ወረደ። ያልከፈተለት ደግሞ ይጫናል፣ ደግሞ ይጫናል። «እኔ ነኝ የቀደምኩት!» «ዞር በል ወዲያ!» ሊደባደቡ ምንም አልቀራቸው።

አዳራሽ ስመለስ የመሳይ ላፕቶፕ ላይ ያቺ ክብ ነገር ትዞራለች... ትዞራለች... ከዚያ ባዶ ነጭ ገጽ።

«ኔትወርክ ነው» አለ መሳይ ላብ እያጠመቀው።

ከኋላ ወንበር አንዱ አባል ስልኩ ላይ ኳስ እያየ ነበር። ቀና ሳይል «ኔትወርክማ አለ» አለው።

ጋሽ አልታዬ የደላሎቹን ጩኸት በመስኮት አዳመጡ፤ የሞተውን ዌብሳይትም አዩ። «እኛ ተራ እናውቃለን» አሉ። «ሙዙን የሚገዙት ግን እነዚህ ናቸው። ለነሱ የሚችለውን አስገቡ።»

በዚያው ቀን እኔ ያልኩት ሰርቨር ተጫነ። ቅዳሜ ትእዛዙ ጎረፈ፤ ሰርቨሩ ንቅንቅ አላለም፤ ሙዙም ሳይጠቁር ተጭኖ ሄደ። ደስታዬን አልደብቃችሁም። እሁድ መሳይ የጋበዘኝን አሳ እያጣጣምኩ ሳለ ስልኬ ጮኸ... ጋሽ አልታዬ ናቸው።

«ልጄ፣ ይሄ አዲሱ ሰርቨርሽ አሳዳጊ የለውም እንዴ?»

አጥንቱ ጉሮሮዬ ላይ ሊቀር። «ምን አጠፋ ጋሼ?»

«እኔ ከፍቼ እያየሁ፣ የልጄ ልጅ አጠገቤ ሆኖ ከፈተ... አስገባው! እኔ ሳልጨርስ!»

መሳይ ሰምቶ ኖሮ ሳቁ ሳህኑ ላይ ሊደፋው ደረሰ።

ፍጥነቱን አይቻለሁ፣ ጉልበቱን አይቻለሁ... አስተዳደጉን መጠየቅ ግን ረስቻለሁ። ታላቅ የሚያስቀድም ሰርቨር የምታውቁ ካላችሁ ቶሎ ጠቁሙኝ፤ ጋሽ አልታዬ ሊወቅሱኝ ነገ ቢሮ ድረስ እመጣለሁ ብለዋል።