በዝማሜ የተያዘው አሳ

ቅድም ልጄ ግቢ ውስጥ የመዝለያ ገመዷን ብቻዋን ታዞር ነበር። ገመዱ አየሩን ሲቀድ «ሽው» ይላል፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «ሽው»። ሰማኸው? እኔ የያዝኩትን ሻይ አስቀምጬ ፈዝዤ ቀረሁ። ያ ድምፅ ስንት ዓመት ተሻግሮ ተከዜ ዳር አወረደኝ፤ የእርጥብ አሸዋውና ውሃው ላይ የሚበሰብሰው የሾላ ፍሬ ሽታ ሳይቀር አፍንጫዬ ሥር መጣ። እንዲህ ሸብቼ ስታየኝ አይመስልህም እንጂ፣ ለአንድ ጠዋት ጀግና ነበርኩ። ሳልነግርህ አልለቅህም።

ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። የላሊበላ መንገድ ገና ኮረኮንች ነው። እኔ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነው። አባቴ የአቋቋም መሪጌታ ነበሩ፤ ማኅሌት ሲቆሙ ዝማሜያቸውን ለማየት ብሎ ከሩቅ ደብር የሚመጣ ሰው ነበር። ዝማሜ ካህናቱ ከዜማው ጋር መቋሚያቸውን አንድ ላይ ወዲህና ወዲያ የሚያወዛውዙት ነው። ለሚያየው ቀላል ይመስላል፤ አይምሰልህ። ከሰባት ዓመቴ ጀምረው አስተማሩኝ፤ ሐሳባቸው እንድተካቸው ነበር። እኔ ደግሞ ጎን ለጎን ዘመናዊ ትምህርት ቤት ገብቼ፣ እንግሊዝኛ ለቃቅሜ፣ አንድ ጠዋት መቋሚያዬን ግድግዳ ላይ ሰቅዬ ለአንድ የውሃ ጉድጓድ አስቆፋሪ ፈረንጅ አስተርጓሚ ሆንኩ።

አባቴ አልተቆጡም። ቢቆጡ በተሻለኝ! ዝም አሉኝ። ሁለት ክረምት ሙሉ አንድ ጣራ ሥር እየኖርን አንድ ቃል አላወጡልኝም። «ለልጅሽ ንገሪው፣ በሩን ይዝጋ» ይሏታል እናቴን፣ እኔ በሩ ሥር ቆሜ። እናቴም፣ ምስኪን፣ ወደኔ ዞር ትልና «በሩን ዝጋ ብለውሃል» ትለኛለች። መጀመሪያ ሰሞን ሳቄ ይመጣ ነበር። እያደር ግን ሆድ ይብሰኝ ጀመር። ስድብም ቢሆን ከአፋቸው በቀጥታ እንዲወጣልኝ እመኝ ነበር።

ፈረንጁ ሽማግሌ ነው፤ ጢሙ የበቆሎ ፀጉር ይመስላል። ወደ አገሩ ሊሄድ ሳምንት ሲቀረው ከበቅሎ ወድቆ ቀኝ ትከሻው ወለቀ። ወጌሻ መለሰለት፤ ክንዱ ግን በጨርቅ ታስሮ አንገቱ ላይ ተንጠለጠለ። የዚያን ሰሞን ነው ገመናውን ያወጣው። ከሻንጣው ሥር ተገጣጣሚ ቀጭን ዘንግ፣ ረጅም ቢጫ ክር፣ በአንዲት ቆርቆሮ ደግሞ አራት ዝንብ መዘዘ። ዝንብ ስልህ የእውነት አይደለም፤ መንጠቆ ላይ የአውራ ዶሮ ላባ በክር ተጠምጥሞ የተሠራ ነው። ተከዜ ላይ፣ ከመሻገሪያው ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ሾላው ወደ ውሃው በተንጋደደበት ጥልቅ ቦታ አንድ ትልቅ አሳ አይቶ ኖሯል። «ካርፕ ነው» አለ። እኛ ነጭ አሳ ነው የምንለው። በኋላ ዘመን አንድ የአሳ ባለሙያ ስጠይቀው «ካርፕ እንኳ አይደለም፣ የካርፕ ዘመድ ነው» ብሎኛል። እሱ የፈለገውን ይበል፤ ለእኔ ካርፕ ነው።

«የእኔ ክንድ እምቢ ብሏል፤ ባንተ ክንድ እንያዘው» አለኝ ፈረንጁ።

በእኛ አገር አሳ የሚፈልግ ሰው የብርብራ ዛፍ ፍሬ ወቅጦ ውሃው ላይ ይበትናል፤ አሳው ሰክሮ ሲንሳፈፍ በቅርጫት ይለቅማል። ዘንግ ይዞ የላባ ዝንብ መወርወርማ የእብድ ሥራ ነው። የቀበሌው ታጣቂ መጥቶ ሲያየን ቆየና «ምን አደከማችሁ፣ አንድ ጥይት ላቅምሰው?» አለ። ፈረንጁ ይህን ስተረጉምለት ሊያለቅስ ምንም አልቀረው።

«ክሩን ወደ ኋላ አንሳ፣ ከዚያ ወደ ፊት» ብሎ አሳየኝ። እንግዲህ አስበው፤ ላስታ ያደገ ልጅ ረጅም ነገር እጁ ከገባ ምን ያደርጋል? እንደ ቡሄ ጅራፍ ነዋ! ባለኝ ኃይል ሳብኩና «ጧ!» አደረግሁት። ገደሉ ድምፁን መለሰልኝ፣ ደስ አለኝ። ፈረንጁ ግን ጭንቅላቱን ያዘ። ለካ ክሩ ሲጮህ ዝንቡ ከጫፉ ተበጥሶ ይበራል። በሦስት ቀን ሦስቱን ዝንብ አስበላሁ። ታጣቂውም ጓደኞቹን ሰብስቦ አመጣና እነሱም በየተራ በባዶው ክር አጮኹልን። አካባቢው ቡሄ መሰለ።

የመጨረሻው ቀን የጥቅምት መድኃኔዓለም ዋዜማ ነበር፤ ፈረንጁ በማግስቱ ይሄዳል። የቀረው ዝንብ አንድ ነው። ጠዋት ነው፤ ጀርባዬን ፀሐይ ይዞታል፤ ውሃው ጠርቶ የታችኛው ጠጠር ይቆጠራል። ከሾላው ፍሬ «ጠብ» ሲል፣ ያ ወፍራም አፍ ከጥላው ውስጥ ብቅ ይልና ቀስ ብሎ ይውጠዋል። አቤት ስፋቱ!

ልክ ያን ጊዜ ደብተራዎቹ ለበዓሉ ወዲያ ማዶ ደብር ሊሻገሩ ወረዱ። ነጭ ለብሰው፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው፣ ከፊት አባቴ። አንዱ ቀልደኛ ገና እንዳየኝ «የመሪጌታ ልጅ፣ ማኅሌቱ ቀርቶ ዝንብ ማባረር ተቀጠርክ እንዴ?» አለ። ሳቁ ከገደል ገደል ተቀባበለው። ጆሮዬ ነደደ። አባቴ አልሳቁም፤ መቋሚያውን ብብታቸው ሥር አድርገው ድንጋይ ላይ ቆሙ።

ወረወርኩ። ክሩ ተጠቅልሎ እግሬ ሥር ወደቀ። ደገምኩ። ያው ነው።

«ቸኮልክ» አለ ከኋላዬ አንድ ድምፅ።

ትስቅብኝ ይሆናል፤ ዞር ብዬ እናቴን ፈለግሁ። ያለ እሷ ከአባቴ አፍ ነገር ሰምቼ አላውቅማ!

«አንተን እኮ ነው! ክሩ ኋላ ሄዶ ሳይዘረጋ ምን አጣድፎህ ትመልሰዋለህ? መቋሚያ እንዲህ ነው የሚወርድ? እኔ እንዲህ ነው ያስተማርኩህ?»

መልስ አልጠበቁም። በመቋሚያቸው እግር ድንጋዩን መታ፣ መታ እያደረጉ በለሆሳስ ያዜሙ ጀመር፤ የዝግታውን ዜማ፣ ልጅ ሆኜ እንቅልፍ የሚያስይዘኝን። «ሂድ... ይዘርጋ... አሁን ና።» ዓይኔን ጨፈንኩ። ክንዴ ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ የለመደውን አልረሳም። ክሩ ከኋላዬ «ሽው» ብሎ እስኪዘረጋ ጠበቅሁት፤ ከዚያ ከዜማው ጋር መለስኩት። ዓይኔን ስገልጥ ዝንቡ በሾላው ጥላ ውስጥ ቅጠል እንኳ ሳይቀሰቅስ አርፏል።

አፉ መጣ። እጄ ዘንጉን ሊያነሳ ሲል ፈረንጁ የሚያውቃትን አንዲት አማርኛ «ቆይ!» አለ፤ አባቴም እኩል «ቆይ!» አሉ። አፉ ተዘጋ። አነሳሁት።

ወይ ጉድ! ዘንጉ እንደ ደጋን ጎበጠ፤ ክሩ እጄን እየላጠ ይወጣል። ሲጎትት እለቃለሁ፣ ሲደክመው እስባለሁ። ደብተራው፣ ታጣቂው፣ ሁሉም መካሪ ሆነ፤ «ልቀቅ!» የሚለው «ሳብ!» የሚለውን ይሰድባል። አሳው ለሦስተኛ ጊዜ ወደ ድንጋዮቹ ሲዞር ክሩ ሊበጠስ እንደሆነ ገባኝ። በዚህ መሐል ከጎኔ ውሃው ተንቦጫረቀ። አባቴ ናቸው! «የኔታ፣ የበዓል ልብስዎ!» እያሉ ይጮኻሉ ከዳር። ማን ሰምቷቸው! እስከ ወገባቸው ገብተው ነጩን ኩታ ከአሳው ሥር ዘረጉና፣ እንደ ሕፃን አቅፈው ወጡ።

የተጠመቀ ሰው መስለው ቆሙ። ኩታው ውስጥ አሳው ይፈራገጣል፤ ሆዱ ወርቅ፣ ቅርፊቱ ሳንቲም ሳንቲም የሚያህል። ደብተራዎቹ «ሆ!» አሉ። እኔም፣ አይግረምህ፣ በካህን ልጅነቴ ለአሳ ፎከርኩ! «ዘራፍ!» ብዬ ወዲህ ወዲያ ስል ያ ቀልደኛ ጸናጽሉን ያንሿሿልኝ ነበር። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

አባቴ ካረፉ ቆይተዋል። ውሃ የነካውን ጢማቸውን ግን አሁንም አየዋለሁ።

ፈረንጁ በደህና እጁ እጃቸውን ጨብጦ አልለቅ አለ። «እኚህ ሰው ማን ናቸው? አሳ ማጥመድ የት ተማሩ?» ብሎ ጠየቀኝ።

አባቴ ወደኔ ዞሩ። «ምን ይላል?»

ነገርኳቸው።

«አሳ አላውቅም በለው» አሉ። አልኩት።

«ልጁን ግን ያስተማርኩት እኔ ነኝ በለው።»

ይህንንም ቃል በቃል በእንግሊዝኛ አልኩት። አባቴ ጆሯቸውን ወደኔ አዘንብለው፣ ዜማ እንደሚያደምጡ ሁሉ ዓይናቸውን ከድነው ሰሙኝ።

ስጨርስ «ድገመው» አሉኝ።