ሁሉም ያለፉበት ፈተና

ሥራዬ ሰው ሲሳሳት ቁጭ ብሎ ማየት ነው። የስልክ አፕ ለሚያሠሩ ድርጅቶች አማካሪ ነኝ፤ ተጠቃሚው የት ጋ ግራ እንደሚገባው አይቼ፣ እንዲህ ቢሆን ይቀለዋል ብዬ እነድፋለሁ። ሰው ካልተሳሳተ ሥራ የለኝም። ይህን ለእናቴ በስልክ ባስረዳት፣ «ታዲያ በሰው ስህተት ነው የምትኖሪው?» ብላ ንስሐ አባት እንድይዝ መከረችኝ።

ዶሃ ስመጣ ቢሮ ተቀጥሬ ነበር። ባለፈው ዓመት ግን አለቃ በቃኝ ብዬ ለብቻዬ ወጣሁ። ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ በባለቤቴ ስም ስለሆነ በወረቀት በኩል ችግር አልነበረብኝም፤ ችግሩ ባለቤቴ ራሱ ነበር። «እስከ ረመዳን ሞክሪ፣ አንድ የረባ ውል ካላገኘሽ ወደ ቢሮሽ ትመለሻለሽ» አለኝ። እሺ አልኩት። እሺ ማለት ለእኔ ብዙ አይከብደኝም።

ወራቱ እንደ ዋዛ አለፉ። ረመዳን ሊገባ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት አል ሰድ ሰፈር ያለ አንድ ላውንድሪ ጠራኝ። ደንበኛው በአፑ ያዛል፣ መኪና መጥቶ ልብሱን ይወስዳል። በየቤቱ ልብሱን የሚያስረክቡት ብዙዎቹ የኛ ሰዎች ስለሆኑ አፑን በአማርኛም አሠርተውታል። ከፍቼ ባየው የማዘዣ ቁልፍ የሚባል ነገር የለም። ሙዲሩ፣ ሥራ አስኪያጃቸው፣ ፈገግ ብሎ ጣቱን ከስክሪኑ ግርጌ ወደ ላይ ሳብ ሲያደርግ ቁልፉ ብቅ አለ። «ሲደበቅ ነው የሚያምረው» አለኝ። ማንም አያገኘውም አልኩት። ያገኙታል አለኝ። ብዙ ተጨቃጭቀን በመጨረሻ በፈተና ተስማማን፦ ስድስት ኢትዮጵያውያን አመጣለሁ፣ እሱ እያየ ያዝዛሉ። ከጠፋቸው አፑን በሙሉ እንደገና የምሠራው እኔ ነኝ። ካገኙት፣ ኸላስ፣ አበቃ፣ ወደ ቤቴ።

ሰዎቹን የፈለገልኝ አል ሂላል የምንኖርበትን ሕንፃ የሚጠብቀው ያገሬ ሰው ነው። ሥራዬን በሚገባ ያስረዳሁት መስሎኝ ነበር።

ዓርብ ከሰዓት ላውንድሪው ቢሮ መጡ። አራት ሾፌሮችና አንድ የሱቅ ጥበቃ፣ ሁሉም ሸሚዛቸውን ተኩሰው፣ ፀጉራቸውን ቀብተው፣ ኤምባሲ ቃለ መጠይቅ ያለባቸው ነው የሚመስሉት። ስድስተኛዋ የሰው ቤት የምትሠራ ልጅ ነበረች፤ ማዳሟ አልለቀቀቻትም፣ ትዘገያለች ተባለ። የሕንፃችን ጥበቃ ራሱ አጅቧቸው መጥቶ ኮሪደሩ ላይ አብሯቸው ተቀመጠ።

የመጀመሪያው ሾፌር ገባ። «ልብስ እንዲወስዱልህ እዘዝ» አልኩት። የሸሚዙን ሥዕል ነካ፣ የካልሲውን ነካ፣ ስልኩን ገለበጠው፣ ላብ በላብ ሆነ። ደስታዬን ለመደበቅ ከንፈሬን ነከስኩ። ጨርሶ ሲያቅተው፣ እንደ ሙያው ወግ፣ ቁልፉ የት እንዳለ አሳይቼ አመስግኜ ሸኘሁት።

ሁለተኛው ተናግሬ ሳልጨርስ ሳብ አድርጎ አዘዘ። ሦስተኛው ሳይቀመጥ አዘዘ። አራተኛው ስክሪኑን እንኳ አላየም፤ ሙዲሩን ትክ ብሎ እያየ ጣቱን ብቻ ላከ። አምስተኛው ማንም ሳይጠይቀው «በጣም ቀላል ነው፣ ሕፃን ልጅም አይቸገርበትም» አለ። ሙዲሩ ወንበሩ ላይ ተንፈላሰሰ። ያገሬ ሰው ጎበዝ በመሆኑ እንደዚያ ቀን አንጀቴ አሮ አያውቅም።

ከዚያ ልጅቷ እየሮጠች ደረሰች፤ ኮሪደሩ ላይ አረፍ ሳትል በቀጥታ ገባች። ፈለገች፣ ፈለገች፣ አጣችው። እኔ ተንፈስ አልኩ። እሷ ግን ዓይኗ እንባ አቀረረ። ይሄኔ በሩ ገርበብ አለና የሕንፃችን ጥበቃ ጭንቅላት ብቅ አለ።

«ከታች ነው እህቴ! ከታች ወደ ላይ ሳቢው፣ ያላ!»

«ምን አላት?» አለ ሙዲሩ።

ሰላም አላት ብል ያምነኝ ነበር። ግን ጥበቃውን አስገብቼ በሙዲሩ ፊት ጠየቅሁት።

«የመጀመሪያው ልጅ ወድቆ ወጣ» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «በኛ የተነሳ እንጀራሽ ሊዘጋ ነው ብለን ደነገጥን። ኮሪደሩ ላይ ሁሉንም በየተራ አሠለጠንኳቸው። ይቺ ናት ያመለጠችኝ። ሌሎቹ አለፉ አይደል?»

ፊቱ በኩራት በርቷል። ላቅፈው ወይም ላንቀው፣ አንዱን መምረጥ አቃተኝ። ቃል በቃል ለሙዲሩ ተርጉሜ፣ «አየህ? ካልተነገረው የሚያገኘው የለም!» አልኩት። አሸንፌያለሁ።

ሙዲሩ ጥበቃውን በጣቱ አመለከተ። «እነዚህን ሁሉ እሱ ነው ያስተማራቸው? በዚህች ደቂቃ?»

«አዎ።»

«ታዲያ ቁልፉን ለምን እንቀይራለን? እሱን እንቀጥረዋለን።»

ደግሞም ቀጠረው። ውሎ ሳያድር የመኖሪያ ወረቀቱ ወደ ላውንድሪው ተዛወረለትና የአማርኛ ስልክ የሚያነሳ ሠራተኛ ሆነ። ተናደድኩ፤ ደብቄ ምን አደርጋለሁ፣ ቀናሁም። በመጀመሪያው ሳምንት ደወለልኝ። «ቀኑን ሙሉ ቁልፉ የት ነው እያሉ ይደውላሉ፤ እኔ ከታች ሳቡት እላለሁ፣ አለቀ። ስንት ዓመት በዚያ ፀሐይ በር ላይ ተቀቅዬ፣ አሁን ኤሲው በርዶኝ ሹራብ ገዛሁ እኮ! አንቺ ይኼን ሁሉ አስበሽ ነው ያደረግሽው፣ አውቄብሻለሁ።» አላሰብኩም ብለው አላመነኝም። ጓደኞቹም ሳያቸው እጅ ይነሡኝ ጀመር።

ረመዳን ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው ሙዲሩ ደወለ። «ስልኩ አላርፍ አለ። አንቺ ነበርሽ ልክ። ያላ፣ ነይና አፑን በሙሉ እንደገና ሥሪው፣ ውሉ ተዘጋጅቷል።»

ዓመቱን ሙሉ የጠበቅኩት ጥሪ ነው። እግሬ ሊዘል ተነሥቶ ነበር።

«ስልክ የሚያነሳው ሰውስ?» አልኩት።

«ቁልፉ ከታየ ማን ይደውላል? እሱ ወደ በር ይመለሳል።»

ባለቤቴ ሶፋው ላይ ጋደም ብሎ ያየኛል። ያ ሹራብ ትዝ አለኝ።

«ይቅርታ፣ ሰሞኑን ሥራ በዝቶብኛል» አልኩት ሙዲሩን።

ባለቤቴ ብድግ ብሎ ተቀመጠ። «የምን ሥራ?» አለኝ ስልኩን ስዘጋ።

በማግስቱ ጠዋት የድሮ አለቃዬ ጋ ደወልኩ።