ጥላ የሌለው ወንድሜ

ዓባይ ማዶ ከነበረችው ቤቴ ሲወስዱኝ ከግድግዳ ያወረዱት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የቤተሰቤን ፎቶ። ጎረቤት ነው የጠቆመኝ። «የምትፈልጉት ሰውዬ ፎቶ እሱ ቤት ግድግዳ ላይ አለ» ብሎ። በደርግ ጊዜ ሰው በፎቶም ይታሰር ነበር።

ከታሰርሁ ከወራት በኋላ መርማሪው አስጠርቶኝ ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ ወረወረው። አባቴ፣ እናቴ፣ ልጅ ሆኜ እኔ፣ ሣር ላይ ቆመን። ከኋላዬ ኮትና ከረባት ያደረገ ጎረምሳ፣ እጁን ቀኝ ትከሻዬ ላይ ጥሎ።

«ይኼ ማነው?»

«ታላቅ ወንድሜ። ሞቷል። ከደቅ ደሴት ሲመጣ ታንኳው ተገልብጦ ባሕሩ ወሰደው። ይህን ስንነሳ ከሞተ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር።»

«ሞቶ አብሯችሁ ተነሳ?» ሳቀ።

ያኔ እንዲያ ነበር የሚሠራው። ፎቶ አንሺው የሟቹን ፊት ቆርጦ ከሕያዋኑ ጋር ይለጥፍና መልሶ ያነሳዋል። ያለችን የወንድሜ ፎቶ ፊቱን ብቻ ስለምታሳይ፣ የማያውቀንን ሰው ገላ ሰጠው። እናቴ ከረባቱን አይታ «አማረበት» አለች። እኔ ግን ልጅ ሳለሁ ከዚያ ፎቶ ጋር ብቻዬን መቀመጥ አልወድም ነበር። ትከሻዬን ይከብደኝ ነበር።

«አስከሬኑስ?»

«አልተገኘም።»

«በል ግባ። ከወንድምህ ጋር ተማከርና ነገ ትነግረኛለህ።» ፎቶውን አስያዘኝ።

ክፍላችን ድሮ የዓሣ መጋዘን ነበር፤ ሽታው ከሲሚንቶው አልወጣም። እዚያ አንድ የደብር መምህር ታስረው ነበር። የኔታ እንላቸዋለን። በእነዚያ ወራት ጣታቸውን ውኃ እየነከሩ ወለሉ ላይ ፊደል ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸው። ፎቶውን ወደ መስኮቷ ብርሃን አስጠጉት።

«ሁላችሁም ሣሩ ላይ ጥላ አላችሁ» አሉ። «እሱ የለውም።»

አጠገቤ የነበረው እስረኛ ብድግ ብሎ ሌላ ጥግ ሄደ። «አንተ ሰው፣ ወደ ግድግዳው አዙርልን» አለኝ ከዚያው ሆኖ። አዞርሁት።

በማግስቱ መርማሪው የተጻፈ ወረቀት አቀረበልኝ።

«በጣትህ ፈርም።»

«ላንብበው።»

«ማንበብ ከየት አመጣህ?»

«ከእናንተው ቤት።»

ፊደል በፊደል ለቀምሁት። ወንድሜ በሕይወት አለ፤ እናቴ ደቅ ላይ ደብቃ ታበላዋለች ይላል። ብፈርም በነጋታው ጀልባ ልከው አሮጊቷን ያመጧታል።

ፎቶው ላይ ወንድሜ ጥላ እንደሌለው አሳየሁት። ፎቶውን ረጅም ጊዜ አየ። ከዚያ ቀና ብሎ እኔን አላየም፤ ከኋላዬ አየ። ከኋላዬ ግድግዳ ብቻ ነበር። ፎቶውን በግንባሩ ደፋው።

«ፈርም» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ብዕሩን አንስቼ ከጽሑፉ ሥር «ሞቷል» ብዬ ጻፍሁ። በዕድሜዬ ወረቀት ላይ የጻፍሁት የመጀመሪያው ቃል ነው። ለዚያች ቃል ሁለት ጥርሴን አወለቁኝ። እናቴን ግን አልነኳትም።

ዛሬ ዘንዘልማ ነኝ። ስፈታ የመለሱልኝ ፎቶ ግድግዳዬ ላይ ነው። እንግዳ ሲጠይቀኝ «ከአንገቱ በላይ ወንድሜ ነው» እላለሁ። ከአንገት በታች ያለውም ሰው የምትፈልገው እናት ትኖረው ይሆናል። ያ መርማሪ ከኋላዬ ምን እንዳየ አልነገረኝም። እኔም ዞሬ አላየሁም። ይህን ስጽፍም ቀኝ ትከሻዬ ከብዶኛል።