ያልከፈለ አይቀመጥም

ተማሪዎቿ «ኮምጣጤ» ይሏታል። ታውቃለች። አንዴ እንዲያውም ሰሌዳው ላይ ትልቅ ጠርሙስ ሥለው፣ ለጠርሙሱ መነጽር አድርገውለት ጠበቋት። እሷ ደግሞ ጠመኔ አነሳችና ከሥዕሉ ሥር «ይዘቱን አስሉ» ብላ ጽፋ ክፍለ ጊዜውን ሙሉ በዚያው ጠርሙስ አሳበደቻቸው። ከዚያ ወዲህ የሚሥልባት አልተገኘም።

ኮምጣጤ ሂሳብ የምታስተምረው እየተከፈለ በሚማሩበት መሰናዶ ትምህርት ቤት ነው። ያለው ወላጅ ሙሉውን ይከፍላል፤ ለሌለው መንግሥት ግማሹን ይደጉምለት ነበር። እነዚህን ልጆች ግቢው «ግማሽ ከፋይ» ይላቸዋል። ግማሽ ከፋይ ማለት ግን ግማሽ ልጅ ማለት አይደለም። ሙሉ ሆድ፣ ሙሉ ጭንቅላት፣ ሙሉ ሃፍረት ይዞ ነው የሚመጣው።

ታዲያ በዓመቱ አጋማሽ፣ ልጆቹ ለመልቀቂያ ፈተና ሊቀመጡ ጥቂት ወራት ሲቀራቸው፣ መንግሥት ድጎማውን አነሳ። «የበጀት ሽግሽግ ነው» አለ ባለሥልጣኑ በሬዲዮ። «የሚከፈልበት ትምህርት ቤት የሀብታም ነው፤ ሀብታም ደግሞ ራሱን ይቻል።» አፉን ሞልቶ! ሀብታሙማ ድሮም ራሱን ችሏል፤ ድጎማ መነሳቱንም አልሰማ። ሰው አግዳሚ ላይ ሸግሸግ የሚለው ለቆመው ቦታ ሊሰጥ ነው። እነዚህ ግን ሸግሸግ ብለው ጫፍ ላይ የተቀመጠውን ዘረገፉት።

ዳይሬክተሩ መምህራኑን ሰበሰበ። የኮምጣጤ ተማሪ የነበረ ሰው ነው፤ ከረባት ማሰር ከጀመረ ወዲህ ግን አንገቱ ወደ ጎን አይዞርም።

«ቀሪውን ግማሽ ያላሟላ ተማሪ ከነገ ጀምሮ ክፍል ውስጥ አይቀመጥም» አለ።

«ፈተናውስ?» አለች ኮምጣጤ።

«ትምህርቱን ክፍል ገብቶ ያልጨረሰ ለፈተና አይመዘገብም። ደንብ ነው፣ ቲቸር። እኔ አላወጣሁትም።»

«አንተማ መቼ ከራስህ አውጥተህ ታውቃለህ? ያኔም ከጎንህ ካለው ልጅ ነበር የምትገለብጠው።»

መምህራኑ ሳቃቸውን በሻይ ብርጭቆ ሸፈኑ። ስቀው፣ ብርጭቋቸውን አስቀምጠው ወጡ።

ከሰዓት በኋላ ወደ ቤቷ ስትመለስ ሰፈሯ ያለ ልብስ ሰፊ ጋ ጎራ አለች። ሴት ልጁ ግማሽ ከፋይ ናት። ዩኒፎርሟን አውልቃ፣ ከአባቷ የስፌት መኪና አጠገብ ተቀምጣ የሰው ሸሚዝ ላይ ቁልፍ ትሰፋለች።

«ይግቡ፣ እትዬ» አለ አባትየው ከመቀመጫው ብድግ ብሎ። «ይኸው፣ ከነገ ጀምሮ አትቀመጥም ብለው ላኩብኝ፤ እጇ ሥራ እንዳይፈታ ብዬ ነው።»

«ሥራውን ማን ጠላው? እሷን ጠይቀሃታል ወይ?»

ልጅቷ ቀና ሳትል፣ «ቲቸር፣ እኔ እኮ ጎበዝ አይደለሁም» አለች። «ለጎበዞቹ ይጩኹላቸው።»

ኮምጣጤን ያንገበገባት ይሄ ነው። ልጅቷ አልዋሸችም፤ ጎበዝ አይደለችም። ክፍልፋይ ካየች ትደነግጣለች። አብሯት የሚማረው፣ ሙሉ ከፋዩ የመድኃኒት ቤት ባለቤት ልጅስ? እሱ ክፍልፋይ ከማየቱ በፊት እንቅልፍ ይወስደዋል። እሱን ግን ጎበዝ ነህ ወይ ብሎ ከበር የመለሰው የለም። ለአንዲት መቀመጫ ሊቅ ሁን የሚባለው የድሃ ልጅ ብቻ ነው!

«ነገ ዩኒፎርምሽን ለብሰሽ ትመጫለሽ። ጓደኞችሽንም ጥሪ።»

«አይቀመጥም ተብሏል እኮ።»

«ታዲያ ማን ተቀመጪ አለሽ?»

ቤት ስትደርስ ባሏ ሰሃን እያጠበ ነበር። ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ያሰበችውን ነገረችው።

«አንቺ ሴትዮ፣ ያባርሩሻል» አለ።

«ያባርሩኝ።»

ሰሃኑን አንጠፍጥፎ ደረደረ። «እኔም ቆሞ የሚሄድ ሰው እንዳትጭን እየተባልኩ ስጭን ነው የኖርኩት። ከተቀመጡት እኩል ነበር የሚደርሱት» አለና ሳቀ። «በይ እራትሽን ብዪ።»

በማግስቱ ግማሽ ከፋዮቹ ገብተው ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። ኮምጣጤ የራሷን ወንበር ጎትታ ከበር ውጭ አደረገችው።

«ያልከፈለ አይቀመጥም ተብሏል። አይቆምም ያለ የለም። ደብተር አውጡ።»

ፊቷን ወደ ሰሌዳው አዙራ መጻፍ ጀመረች። ስትመለስ የመድኃኒት ቤቱ ልጅ ብድግ ብሎ ቆሟል።

«አንተ ደግሞ ምን ሆንክ?»

«ቁጭ ስል እንቅልፌ ይመጣል፣ ቲቸር።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከጎኑ ያለውም ተነሳ፤ ከኋላ ያሉትም። ሁሉም አልተነሱም፤ ውሸት ምን ያደርጋል። የፊተኛው ወንበር ልጆች ቀናት ፈጅቶባቸዋል። በኋላ ግን እነሱም መቀመጡ አሳፈራቸው። አንዱ የሌላውን ጀርባ ጠረጴዛ አድርጎ ይጽፋል፤ ክፍሉ ውስጥ የተቀመጠው አቧራ ብቻ ሆነ።

ወሬው ወላጅ ጋ ደረሰ። የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት፣ «ልጄ እግሩ አበጠ! እኔ ለወንበር ነው የከፈልኩት!» እያለ ዳይሬክተሩን ከቢሮው አስነስቶ፣ ደረጃውን ከኋላው እየነዳ አወጣው። ዳይሬክተሩ በሩን በረገደው።

«ምንድን ነው ይሄ? ተቀመጡ!»

ማንም አልተነቃነቀም። ኮምጣጤ ቀመሯን ትጽፋለች።

«አትሰሙም እንዴ? ሁላችሁም! አንድም የሚቆም እንዳላይ! ተቀመጡ ብያለሁ!»

ኮምጣጤ ጠመኔውን አስቀመጠች። «ሰምታችኋል፤ ዳይሬክተራችሁ ሁላችሁም ተቀመጡ ብለዋል።»

ግድግዳው ሥር የነበሩት ወደ ወንበሮቹ ተመሙ። የልብስ ሰፊው ልጅ ከመድኃኒት ቤቱ ልጅ ጎን ጉብ አለች።

«ቆይ፣ ቆይ፣ እኔ እነሱን አይደለም...»

«ሁላችሁም ብለሃል» አለች። አንቱታው እዚያው ቀረ። «በእኚህ አባት ፊት ነው ያልከው።»

«አዎ፣ ብለዋል» አለ የመድኃኒት ቤቱ ሰው፣ ልጁን እያየ። «የእኔ ከተቀመጠ፣ ሌላው ቢቀመጥ ባይቀመጥ አያገባኝም።»

ዳይሬክተሩ ልጆቹን አየ። አሁን ሊያስወጣቸው ቢፈልግ አንድ በአንድ በጣቱ እየጠቆመ፣ አንተ ድሃ ነህና ተነስ፣ አንቺ ድሃ ነሽና ተነሺ ማለት ሊኖርበት ነው። በደንብ ስም ማባረር ቀላል ነው፤ በጣት ግን ይከብዳል። ጣቱ ወደ ከረባቱ ሄደ።

«ማስጠንቀቂያ ይደርስዎታል፣ ቲቸር።»

«ይድረሰኝ። መጀመሪያ እነዚህን ለፈተና መዝግብ።»

እያጉረመረመም ቢሆን መዘገባቸው። ማስጠንቀቂያውም ደረሳት። በሻይ ሰዓት ያው ሳቂ መምህራን ከበቧት፤ አንዱ ትከሻዋን መታ መታ አድርጎ፣ «አንበሳ ነሽ እኮ! ግን የከርሞዎቹስ? ድጎማው እንደሆነ አልተመለሰ» አላት።

«አልተመለሰም። የከርሞዎቹን ጉዳይ ክፍል ውስጥ አንጨርሰውም፤ የምንጨርሰው ያን የሬዲዮ ሰውዬ ደጃፍ ሄደን ነው» አለች። «በሉ ሻያችሁን ጨልጡ። ዛሬ ከሰዓት እሄዳለሁ፤ እናንተም አብራችሁኝ ናችሁ።»