አምስተኛው ወንበር ላይ የተሰጠ አስተያየት

ጌም ቤቱ ውስጥ ሥራ የጀመርኩ ቀን ባለቤቱ ጋሽ አስማማው አንድ ደብተርና እስክርቢቶ ሰጡኝ። ትምህርት ከተዘጋ ሳምንት አልሞላውም።

"ጽሑፍ ትችላለች ብለውኛል" አሉ። "ተጫዋቹ ስለ ጨዋታው የሚለውን ትጽፊያለሽ። በሳምንት አንዴ አሳጥረሽ ግድግዳው ላይ ትለጥፊያለሽ፣ ቴሌግራምም ላይ ትለቂዋለሽ።"

በቃ፣ ሰቆጣ መናኸሪያ አጠገብ ባለች ቤት ውስጥ የጨዋታ ሐያሲ ሆንኩ። ደስታዬን የማደርግበት ጠፋኝ።

ቤቱ አምስት ኮምፒውተር አለው። ያኔ ሰው ሁሉ የሚጫወተው አንድ ጨዋታ ነበር፤ አራት ሆነው ድልድይ ይጠብቃሉ፣ ሌላ ከተማ ያሉ አራት ሰዎች ሊያፈርሱት ይመጣሉ። ጨዋታው እኛ ኮምፒውተር ላይ አይጫንም። የሚሠራው ሩቅ አገር ባለ ማሽን ላይ ነው፤ ለእኛ በኢንተርኔት የሚደርሰን ምስሉ ብቻ ነው። እኔ የምሞክረው አንደኛው ወንበር ላይ ሆኜ ነው፣ ኢንተርኔቱን ከሚያሰራጨው ራውተር አጠገብ። አምስተኛው ከግድግዳው ወዲያ ጓዳ ውስጥ ነው።

ለምለም የሰቆጣ ዙሪያ ልጅ ናት። በገበያ ቀን ከእናቷ ጋር ማር ይዛ ትመጣና ሲሸጥላቸው እኛ ጋ ትገባለች። አርፍዳ ስለምትደርስ የሚተርፋት አምስተኛው ወንበር ነው። ያም ሆኖ ጠላት በየት እንደሚመጣ ቀድማ ስለምታውቅ ከወልድያ ልጆች ጋር ለተያዘው ግጥሚያ ከአራቱ አንዷ ሆና ተመርጣ ነበር።

አንድ ቀን ድልድዩን ሦስት ጊዜ አስፈረሰች። ደብተሬን ይዤ ቀረብኩ።

"እህ ለምለም፣ ምን ልጻፍ?"

"ስነካው ይዘገያል በይ። እኔ ተኩሼ ከጨረስኩ በኋላ ነው እሱ የሚተኩሰው።"

የቡድኑ አለቃ አብዩ፣ "ታዲያ እንደ በሬ በጅራፍ ንጂው" አላት። ተሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

እኔ ደግሞ የውጭ ሐያሲዎችን ኢንተርኔት ላይ አንብቤ ነበር። ሁሉም ጨዋታው አይዘገይም ይላሉ። አንደኛው ወንበር ላይም ያየሁት እንደዚያው ነው። ስለዚህ የለምለምን ቃል ሰረዝኩና "የገበያ ቀኗ ተጫዋች እጇ ይዘገያል፤ ጨዋታው ግን እንከን የለውም" ብዬ ለጠፍኩ። ዓረፍተ ነገሩ አማረልኝ። ሁለት ጊዜ ጮክ ብዬ አነበብኩት።

አብዩ አነበበና በእሷ ቦታ ሌላ ሰው አስገባ። ለምለም በገበያ ቀን መጥታ ወረቀቱን ቆማ አነበበች። ሳትጫወት ወጣች።

አምስተኛው ወንበር ላይ የተቀመጥኩት ቤቱ ሞልቶብኝ እንጂ አስቤበት አይደለም። ቁልፉን ተጫንኩ። ድልድዩ ፈረሰ። ከዚያ መሣሪያዬ ተኮሰ። ደገምኩት፤ ያው ነው። ጆሮዬ ጋለ።

ለጋሽ አስማማው ነገርኳቸው።

"እዚያ ጋ ኔትወርኩ ደካማ ነው" አሉ።

"ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?"

"እሷ ነግራሽ የለ?"

ወረቀቱን ቀድጄ ማረሚያ ጻፍኩ፤ ቃሏን የቀየርኩት እኔ ነኝ ብዬ ስሜን አሰፈርኩበት። በገበያ ቀን ይዤላት ሄድኩ። ለምለም ከማሩ ባልዲ ኋላ ተቀምጣ አነበበችው።

"አብዩ ቦታሽን ይመልስልሻል" አልኳት። "ለምኜዋለሁ።"

"ማረሚያውን ማን ያነበዋል? ሰፈራችን የፊተኛውን በስልክ ተቀባብሎ ጨርሶታል።"

እናቷ ቀና ብለው አዩኝ። "ይቺ ናት የጻፈችው?"

"አዎ እማማ፣ እኔ ነኝ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

"ማር ስትቆርጥ መጥተሽ እጇን ብታዪ ኖሮ" አሉና ወደ ገዢያቸው ዞሩ።

ግጥሚያው ያለ ለምለም ተደረገ። ከዚያ ወዲህ እኛ ጋ አልገባችም።

ደብተሩን ከእኔ ለምትረከቡ፦ የተጫዋቹን ቃል እንዳለ ጻፉ። ካላመናችሁት መጀመሪያ እሱ የተቀመጠበት ወንበር ላይ ሆናችሁ ተጫወቱ።