ሚካኤልን ፓስፖርት ሲጠይቁት

ከወረታ የተነሣሁ ለት ገና ጎህ አልቀደደም ነበር። ፓስፖርቴን በጨርቅ ጠቅልዬ ከሆዴ ላይ በመቀነት አስሬዋለሁ። የአውቶቡሱ ረዳት ሻንጣዬን ሊጭንልኝ እጁን ቢዘረጋ መታሁት። ትኬት ሲለኝ ደግሞ ለካ ትኬቱም አብሮ ታስሯል! ሰው ሁሉ እያየኝ መቀነቴን ስፈታ፣ ልትሸኘኝ የመጣችው እህቴ እናኑ እያለቀሰች ሳቀች። እንግዲህ ከአገሬ የወጣሁት እንዲህ ሆዴን ለአደባባይ አሳይቼ ነው።

ሰው ባለማመን የታወቅሁ ነኝ፤ አይፈረድብኝም። ዕድሜዬን የጨረስሁት በወረታ ከብት ገበያ በደላላነት ነው፤ ሰው እንዴት እንደሚታለል ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። አሁን ያለሁት ልጄ ባስመጣችኝ ኖርዌይ፣ በርገን በሚባል ከተማ ነው። ዝናቡ ዓመቱን ሙሉ የአገሬ የፎገራ ክረምት ነው፤ ነገር ግን ውኃው የሚተኛበት ሜዳ አጥቶ እየተንደረደረ ባሕር ይገባል። ሩዙንም ቀዳዳ ባለው ላስቲክ እንደታሰረ ይቀቅሉታል። ለእናኑ በስልክ ብነግራት «ምን አጥፍቶ?» አለችኝ።

ባለፈው ዓመት በእኛው አገር በፎገራ ካለው ከቁሐር ሚካኤል ደብር የመጣ አንድ ሰው እዚሁ ኖርዌይ በሰሜኑ በኩል ብቻውን ሞተ። ሆስፒታሉ ማንን እንደሚጠራ አላወቀም፤ መዘጋጃ ቤት ቀበረው። እኛ የሰማነው ከአርባው በኋላ ነው። አልቃሽ የሌለው ሬሳ! እኔ ሽማግሌው ከዚያ ወዲህ ስተኛ እንኳ በጎኔ ነው፤ በጀርባዬ መተኛት ፈራሁ።

በየከተማው የተበተነው የፎገራ ሰው ዕድር አቋቋመ። ከያንዳንዳችን ኪስ የሚቀመጥ ካርድ ይታተም ተባለ፤ ካርዱ ላይ የድረ ገጽ አድራሻ ይጻፋል፤ አድራሻውን የከፈተ ሐኪም ለማን እንደሚደውል ያገኛል። አድራሻው ከጠፋ ወይም ሌላ እጅ ከገባ ግን ካርዱ ተራ ወረቀት ነው። የድረ ገጹን ስም የሚመዘግብልንን ድርጅት እንድመርጥ የተሾምሁት እኔ ነኝ። የዕድሩ ጸሐፊ ሙሉ «አባቴ፣ እርስዎን ያታለለ ድርጅት ካለ፣ እኛንማ ቢበላን ይገባዋል» አለች።

መጀመሪያ የመጣው አስማረ ነው፤ ድረ ገጽ የሚሠራ የይፋግ ሰው፣ የሁለት ልጆች አባት።

«ምን ያስጨንቅዎታል? እኔ በስሜ አስመዘግበዋለሁ» አለኝ።

«በስምህ?»

«ለጊዜው ነው እንጂ።»

«በሬውን ለጊዜው ያዝልኝ ያለ ሰው፣ በሬውን ያገኘው በሌላ ገበያ ነው» አልሁት። ቅር ብሎት ሄደ።

የመጀመሪያው ዓመት በነጻ ነው የሚሉትን ድርጅቶችም አለፍኋቸው። ወተቷን እያወሩ ጥርሷን የማያሳዩኝን ላም አልገዛም። ደኅና ነው ከተባለው ዘንድ፣ ሙሉ እያስተረጎመችልኝ ደወልን። አንዲት ሴት አነሣች።

«ስሙን ከገዛሁት የኔ ነው?»

«በየጊዜው ካሳደሱት፣ አዎ።»

«ኪራይ ነው በይኛ!»

«እኛ ምዝገባ ነው የምንለው።»

«ብትከፉብኝ ይዤው መውጣት እችላለሁ?»

«የማዛወሪያ ቁልፍ እንሰጥዎታለን።»

«ዋሳችሁስ ማን ነው?»

ሙሉ ይህን ለመተርጎም ላብ አጠመቃት። በእኛ ገበያ ሻጩ የሚያውቀው ዋስ ካላቆመ በሬው የተሰረቀ ነው ማለት ነው። ሴትዮዋ ብዙ አስባ፣ ከበላያቸው ፈቃድ የሚሰጥ አካል እንዳለ፣ እነሱ ቢዘጉ ስሞቹን ወደ ሌላ መዝጋቢ እንደሚያዛውር ነገረችን። «ይህማ ዋስ ነው!» አልሁ። ልቤ በግማሽ አረፈ፤ ለእኔ ግማሽ ብዙ ነው።

ቅጹ ላይ «የስሙ ባለቤት» የሚል መጣ። ማንን ልጻፍ? ሙሉ አገር ልትቀይር ትችላለች። እኔ ለመሞት ተራ ይዣለሁ። አስማረ ያው አስማረ ነው። አገር ቤት የማኅበሩ ድንኳንም ድስትም «የሚካኤል ነው» ይባላል፤ ሌባ እንኳ አይደፍረውም። እንግዲያው ስም ሚካኤል፣ የአባት ስም ቁሐር ብዬ አስሞላሁና በብልኃቴ ተደስቼ ገባሁ።

ካርዱ ታትሞ ከታደለ በኋላ ደብዳቤ መጣ። «የተከበሩ አቶ ቁሐር፣ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ የፓስፖርትዎን ቅጂ ካላኩልን ስሙ ይታገዳል።»

«አባቴ፣ ለሊቀ መላእክቱ ፓስፖርት ከየት ላምጣ?» አለች ሙሉ።

«ክንፍ ላለው ምን ያደርግለታል በያቸው» አልሁ። አፌ ይቀልዳል እንጂ እጄ ካርዱን ከኪሴ አውጥቶ ያገላብጥ ነበር።

ዕድሩን በመንግሥት ለማስመዝገብ ወራት ይፈጃል ተባለ። ስለዚህ መታወቂያ ያለው፣ በሕይወት ያለ ሰው ያስፈልጋል። በማግስቱ ሆን ብዬ በሥራ ሰዓት ለዕድርተኛው በተራ ደወልሁ፤ ስልክ የማያነሣ ሰው የሞት ነጋሪ አይሆንም። የሙሉ ዝግ ነው። አንዱ «እደውላለሁ» አለኝ፤ እስካሁን እየጠበቅሁት ነው። ሌሎቹ አላነሡም። አስማረ ግን በሁለተኛው ጥሪ አነሣ።

«አባቴ! ምን ሆኑ? ልምጣ?»

«ምንም አልሆንሁ። ፓስፖርት አለህ?»

ስሙ በእሱ ይመዝገብ እንጂ የዕድሩ እንደሆነ በወረቀት አስፈረምሁት፤ ሁለት ዋስም አስጠራሁት። እየሳቀ ፈረመ። መሳቁን አልወደድሁለትም። ሆኖም ስሙ ከመታገድ ዳነ፤ በእኔ ስም ትይዩ፣ ከልጄ ቀጥሎ፣ የእናኑ ስልክ ተጻፈ።

በኅዳር ሚካኤል አስማረ፣ ትሕትና አይሉት ቅብጠት፣ እናኑን እንኳን አደረሰዎ ልበላት ብሎ ደወለላት። «የወንድምዎ ዕድር ነኝ» ከማለቱ ስልኩን ወርውራ ጮኸች። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ የነበረው ሕዝብ የበዓል ልብሱን እንደለበሰ ግቢዋን ሞላው። ነገሩን ሰምቼ ስደውል ለቅሶው ደርቷል።

«አንተ ሞተሃል እኮ!» አለችኝ።

«ገና ነኝ።»

«ሰው ቤቴን ሞልቶታል፤ ምን ልበላቸው?»

ማጽናናት ነበረብኝ። እኔ ግን «ማን ማን መጣ?» አልኋት።

«አሁን ይህ ይጠየቃል?»

«ንገሪኝ።»

«መሪጌታ ሐዲስ አሉ። እነ አያልነሽ ከነልጆቻቸው። ተገኘም መጥቷል፤ ያ በላሚቱ የተጣላኸው።»

«ተገኘ? አለቀሰ?»

«ተንሰቀሰቀ እንጂ።»

ከኋላዋ «እሱ ነው? ድምፁ ነው?» ሲባባሉ ይሰማኛል። ስልኩን ጆሮዬ ላይ አጥብቄ ያዝሁት።

«ቀስ ብለሽ፣ ከበሩ ጀምሪና» አልኋት፣ «አንድ ሰው እንኳ እንዳትዘይብኝ።»