የረጅሙ ሰይድ ሜዳይ

ባለፈው ቅዳሜ ልጄን ጸጉር ላስቆርጠው ኮምቦልቻ ውስጥ አዲስ የተከፈተ ጸጉር ቤት ይዤው ገባሁ። ግድግዳው በሙሉ መስታወት ነው፤ ሙዚቃው ጆሮ ያደነቁራል። ወጣቱ ጸጉር አስተካካይ ሥራውን ጨርሶ የልጄን ማጅራት በኮሎኛ ሲያሸው ግን ያ ሽታ ሌላውን ሁሉ አጠፋብኝ። የሎሚና የአልኮል ድብልቅ ነው፤ አፍንጫ ቆንጠጥ የሚያደርግ፣ ትኩስ ምላጭ የነካው ቆዳ ላይ ሲያርፍ ደግሞ የሚጣፍጥ። ልጄ "እማዬ፣ ያቃጥላል!" ሲል እኔ ኮምቦልቻ አልነበርኩም። ደሴ፣ ሰኞ ገበያ፣ ጋሼ ሰይድ ወንበር ላይ ነበርኩ።

ጋሼ ሰይድ ጎረቤታችን ነበሩ። ጸጉር ቤታቸው ከገበያው ወደ ሰፈራችን በሚያስገባው ቁልቁለት ላይ የቆመች አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ናት። ውስጧ ጥጉ የተሰነጠቀ መስታወት፣ ምላጭ የሚሳልበት ቆዳ፣ ባትሪው በላስቲክ የታሰረ ሬዲዮ፣ ጠዋት ጠዋት ዘይት የሚቀቡት የእጅ ቶንዶስ ነበር። የጦሳ ተራራ ጉም ሰፈሩን በሸፈነበት ክረምት እንኳ የቶንዶሱ ቅጭ ቅጭ ከመንገዱ ማዶ ይሰማል። እሳቸው ራሳቸው አጭር ሰው ስለነበሩ ረጅም ደንበኛ ሲመጣባቸው የለስላሳ ሣጥን ገልብጠው ይቆሙበታል።

እኔ ያ ወንበር ላይ የወጣሁት ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ ራሴ ላይ ጭርት ወጥቶብኝ ነው። እናቴ እያለቀሰች፣ እኔ ከእሷ ብሼ እሪ እያልኩ ገባን። ጋሼ ሰይድ ቶንዶሱን አስቀመጡና ዓይን ዓይኔን አዩኝ።

"አብሽሪ ልጄ። እኔም ወታደር ቤት የገባሁ ዕለት እንዲሁ ነው ሙልጭ ያደረጉኝ። ዛሬ ተቀጠርሽ ማለት ነው" አሉኝ።

ተላጭቼ ስጨርስ ቀጥ ብለው ቆመው ወታደራዊ ሰላምታ ሰጡኝ። ከዚያ ወዲያ በበራቸው ባለፍኩ ቁጥር፣ ደንበኛ እየላጩም ቢሆን፣ እጃቸው ወደ ግንባራቸው ይወጣል። "አስር አለቃ ሰይድ፣ ታዛዥዎ፣ ጄኔራል!" ይላሉ። ጸጉሬ እስኪያድግ ድረስ በሰፈሩ ከእኔ በላይ የሚኮራ ልጅ አልነበረም።

እሳቸውና እትዬ ዘሀራ ልጅ አልወለዱም። ስለዚህ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ያቺ ክፍል ደጃፍ ላይ ይሰበሰባል። ጦር ሜዳ ምን እንዳደረጉ ስንነዘንዛቸው ስለ ራሳቸው አንድም ነገር አይወጣቸውም። የሚያወሩልን ስለ ረጅሙ ሰይድ ነበር።

በምሥራቅ ግንባር፣ አንድ ሻለቃ ውስጥ፣ ስማቸው እስከ አያት ድረስ አንድ የሆነ ሁለት የወሎ ልጆች ነበሩ፤ ሰይድ መሐመድ አሊና ሰይድ መሐመድ አሊ። ጓዶቻቸው "አጭሩ" እና "ረጅሙ" እያሉ ለዩአቸው። የረጅሙ እጮኛ የጻፈችው ደብዳቤ አጭሩ እጅ ይገባል፤ አጭሩ ባጠፋው ረጅሙ ይቀጣል። አንድ ረፋድ ላይ ውጊያው ከበደና ጋሼ ሰይድ ባታቸውን ተመትተው ሜዳ ላይ ቀሩ። ረጅሙ ሰይድ ተኩሱ መሐል ተመልሶ ገባ። አንድ ቁስለኛ አወጣ፤ ተመለሰ፤ ሌላውን አወጣ፤ አሁንም ተመለሰ። በመጨረሻ ጋሼ ሰይድን እንደ እህል ኩንታል ትከሻው ላይ ጣላቸው።

"ወላሂ፣ በዕድሜዬ ዓለምን ከላይ ወደ ታች ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው" ይሉ ነበር እየሳቁ።

ከዚያ በኋላ ጋሼ ሰይድ ሆስፒታል ገቡ፤ ሲያገግሙ ሌላ የጦር ክፍል ተመደቡ። ረጅሙን ዳግመኛ አላዩትም። የሚያውቁት አንድ ነገር ቢኖር አገሩ ኮምቦልቻ አካባቢ መሆኑን ነው።

እኔ አድጌ፣ ኮምቦልቻ ሥራ ይዤ፣ ደሴ የምመጣው ለቅዳሜና እሁድ ብቻ በሆነበት ጊዜ ነው ወሬው የፈነዳው። የቀድሞ ወታደሮች ዕውቅና ሊሰጣቸው ማኅደራቸው ሲመረመር፣ የጋሼ ሰይድ ማኅደር "ሃምሳ አለቃ፣ የጀብዱ ሜዳይ የተወሰነለት" ይላል ተባለ። ሰፈሩ በእልልታ ቀለጠ። ሴቶቹ እትዬ ዘሀራን አቅፈው አዞሯት፤ የሰፈሩ ቀለም ቀቢ ማንም ሳይጠይቀው ጸጉር ቤቱ ግንባር ላይ "ጀግናው ሃምሳ አለቃ" ብሎ በቀይ ጻፈ። እኔም ከሚኒባሱ ወርጄ እየሮጥኩ ገባሁ። ጋሼ ሰይድ የደንበኛው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ፊታቸው ጨልሟል።

"ጋሼ፣ እንኳን ደስ አለዎት!"

"ምኑ ነው ደስ የሚለው? ወረቀቱ 'ቁስለኛ ጓዶቹን ተሸክሞ ስላወጣ' ነው የሚለው። ከቁስለኞቹ አንዱ እኔ ነኝ! ታዲያ ራሴን ተሸክሜ ነው የወጣሁት?"

ሳቄ አመለጠኝ። እሳቸው ግን አልሳቁም።

እትዬ ዘሀራ ከበሩ ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። "ጡረታህ ከፍ ሊልልህ፣ በሰው ፊት ልትከበር ነው። አላህ የሰጠህን ለምን ትመልሳለህ?"

"አላህ አይደለም የሰጠኝ ዘሀራ። ማኅደር ያደባለቀ ሰው ነው። ያ ሰው ነፍሴን አተረፈልኝ፤ እኔ ደግሞ ሜዳዩን ልውሰድበት?"

እትዬ ዘሀራ ነጠላዋን አስተካከለች፣ ወደ መንገዱ አየች፣ ተመልሳ እሳቸውን አየች። ከዚያ ድምጿ ሌላ ሆነ። "እሱ ባያወጣህ እኔስ የት አገኝህ ነበር? ተነስ በቃ፣ ፈልገው።"

ሰኞ ዕለት ጋሼ ሰይድ ማኅደሩን ወደሚመረምረው ቢሮ ሄደው ስህተቱን አስረዱ። የማኅደሩ ሠራተኛ ትሑት ወጣት ሴት ነበረች። "አባቴ፣ ማዕረግ ይጨመርልኝ የሚል እንጂ ይቀነስልኝ የሚል ሰው ገጥሞኝ አያውቅም" አለቻቸው። ቀጥላም ሌላው ሰይድ በሕይወት ካለ ራሱ ቀርቦ ካልተመሳከረ ማዕረጉም ሜዳዩም ሊዛወር እንደማይችል ነገረቻቸው። ያንኑ ቀን ደወሉልኝ። "ጄኔራል! አንቺ ኮምቦልቻ ነሽ። ረጅሙን ፈልጊልኝ!"

ኮምቦልቻ ላይ ሰይድ መሐመድ መፈለግ ማለት ምን ማለት እንደሆነ የወሎ ሰው ይረዳኛል። መጀመሪያ ያገኘሁት ሰይድ መሐመድ ገና ጢም ያላወጣ ባጃጅ ነጂ ነበር። ሁለተኛው ሽንኩርት ነጋዴ ነው፤ ውትድርና የሚባል ነገር አያውቅም። ሦስተኛው ወታደር ነበር፤ እኔ ግን ወደ ታች እያየሁ ነው ያነጋገርኩት። መናኸሪያ ውስጥ የሚኒባስ ረዳቶቹ ነገሩን ሲሰሙ ፍለጋው የሁሉም ሆነ። "ሰይድ መሐመድ አሊ! ረጅም! የድሮ ወታደር!" እያሉ ከመድረሻው ስም ጋር እያቀላቀሉ ይጠሩት ጀመር። በማግሥቱ አንዷ ሻይ ሻጭ እጄን ያዘችኝ። እንዲህ ያለ ሽማግሌ ወደ ሐርቡ በሚወስደው መንገድ በኩል እንዳለ፣ ጁምዓ ጁምዓ የሚሰግድበትንም መስጊድ ነገረችኝ።

ዓርብ ጠዋት ጋሼ ሰይድ የዒድ ልብሳቸውን ለብሰው ከደሴ ወረዱ። ሰግደው ከሁሉ ቀድመው ወጡና በሩ አጠገብ ያለ ድንጋይ ላይ ቆሙ። እኔ ከመንገዱ ማዶ ጥላ ሥር ነበርኩ። ነጭ ኮፍያው እንደ ጎርፍ ሲወጣ አንገታቸውን አስግገው ከሁሉ በላይ የሚታይ ራስ ይፈልጋሉ። አንድ ረጅም ወጣት ሲወጣ ዘለሉ፤ ወዲያው ተመልሰው ቆሙ። ሰዉ እየሳሳ ሄደ። አላስችል ብሎኝ ተሻግሬ ወደ እሳቸው ተጠጋሁ። ያን ጊዜ ወገባቸው እስኪታጠፍ የጎበጡ፣ በምርኩዝ የሚሄዱ አንድ ሽማግሌ ከፊታቸው ደረሱ።

"ወንድሜ፣ መንገዱን ልቀቅልን" አሉ ሽማግሌው መሬት መሬት እያዩ።

"አፉ በሉኝ አባቴ" ብለው ጋሼ ሰይድ ከድንጋዩ ወረዱ።

ሽማግሌው ድምፁን ሲሰሙ ቀጥ አሉ። አንገታቸውን በጎን አዙረው በጭንቅ ሽቅብ አዩ። ጎብጠው ከጋሼ ሰይድ ትከሻ በታች ናቸው።

"አጭሩ?" አሉ።

ጋሼ ሰይድ አፋቸው ተከፍቶ ቀረ። "አንተ! ቁመትህን የት ጣልከው?"

"ዕድሜ በላው! አንተስ ከየት አምጥተህ ነው እንዲህ የረዘምከው?"

ተያዩና ተቃቀፉ። ሳቅ ነው ልቅሶ ነው የማይባል ድምፅ ከሁለቱም ወጣ። ሰው ከበባቸው። "ማን ናቸው?" ይላል አንዱ። "ሰይድ ናቸው።" "እኒያኛውስ?" "እሳቸውም ሰይድ ናቸው!" እኔ መንገዱ መሐል ቆሜ እንደ ልጅ አጨበጨብኩ።

ቤታቸው ወሰዱን። ለካስ ረጅሙ ሰይድ ታሪኩን ለልጆቻቸው ነግረው ነበር። ነገር ግን አንድ ጊዜ ቢሮ ሄደው ሲጠይቁ "በማኅደርዎ እንዲህ ያለ ነገር የለም" ተባሉ። ከዚያ ወዲህ ቤተሰቡ የሽማግሌ ወሬ አድርጎት ቀረ፤ እሳቸውም አፋቸውን ዘጉ። ጋሼ ሰይድ ይህን ሲሰሙ ሱሪያቸውን ወደ ላይ ጠቅልለው የባታቸውን ጠባሳ አሳዩ። ትኩር ብለው ያዩት የረጅሙን የልጅ ልጅ ሐያትን ነበር፤ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቷን ልትጨርስ የደረሰች ልጅ ናት።

"አያትሽ ባይኖር ይህ እግርም ባለቤቱም የሉም። እኔ ነኝ ምስክሩ። ሰማሽ?"

ሐያት አያቷን አየቻቸው። ከዚያ ተነሥታ ጉልበታቸውን ሳመች። ሽማግሌው ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ።

በሳምንቱ ሁላችንም ደሴ ቢሮው ተገኘን። ሠራተኛዋ ወጣ ብላ "ሰይድ መሐመድ አሊ!" ብላ ስትጣራ ሁለቱም "አቤት!" ብለው ተነሡ፤ ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ሳቀ። ወጣቷ ሁለቱን ማኅደር ጎን ለጎን ዘረጋችና ረጅሙን ሰይድ የውትድርና መለያ ቁጥራቸውን ያስታውሱ እንደሆነ ጠየቀቻቸው። ምርኩዛቸውን ለሐያት ሰጡ። ጠረጴዛውን በአንድ እጃቸው ይዘው፣ ወገባቸው የፈቀደላቸውን ያህል ተቃንተው፣ ቁጥሩን በሰልፍ ሜዳ ድምፅ ጮኸው ጠሩት። ሠራተኛዋ በጣቷ ተከተለች። የሜዳዩ ውሳኔ ላይ ያለው ቁጥር ያው ነው፤ ወረቀቱ በስም መመሳሰል የአጭሩ ሰይድ ማኅደር ውስጥ ገብቶ ኖሯል።

"የእርስዎ ነው አባቴ" አለች። እሷም ዓይኗን ጠረገች።

ሜዳዩ የተሰጠው ከብዙ ምልልስ በኋላ በአንድ አዳራሽ ነው። "ሃምሳ አለቃ ሰይድ መሐመድ አሊ" ተብሎ ሲጠራ ሸላሚው ደረታቸውን ለማግኘት በርከክ ማለት ነበረበት። ጋሼ ሰይድ ወንበር ላይ ወጥተው "ረጅሙ! ረጅሙ!" እያሉ ጮኹ፤ አዳራሹ ሁሉ ተቀበላቸው። እትዬ ዘሀራ እልል ስትል ድምጿ ተዘጋ። የእሳቸው ማኅደር በዚያው ወር ታረመ፤ ማዕረግ አስር አለቃ፣ ሜዳይ የለም። ወረቀቱን ይዘው ሰፈሩን ሁሉ እየዞሩ አሳዩ። እንደዚያ ደስ ብሏቸው አይቻቸው አላውቅም።

ጋሼ ሰይድ አምና ከረመዳን በኋላ ሞቱ። ጸጉር ቤቷ ዛሬ የስልክ መለዋወጫ ይሸጥባታል።

ሐያት ደሴ ላይ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ሁለቱ ሰይዶች ተማክረው የቤት ኪራይ የሚባል ነገር እንዳይነሣ ወሰኑ፤ እትዬ ዘሀራ ቤት ገባች፤ አሁንም እዚያው ናት። ባለፈው እሁድ እናቴ ዘንድ ሄጄ ደጅ ላይ ቆሜ ነበር። በልጅነቴ እናት ሁሉ ወደ ምሽት ልጇን ከየበሯ ስትጣራ ዝም የሚለው የእነ ጋሼ ሰይድ በር ብቻ ነበር። አሁን ያ በር ተበረገደና የእትዬ ዘሀራ ድምፅ ቁልቁለቱን ሞላው።

"ሐያት! ኧረ አንቺ ልጅ፣ እራትሽ ቀዘቀዘ!"

"መጣሁ እማዬ!" አለች ልጅቱ ከታች፣ ሳትቸኩል።

እትዬ ዘሀራ ወደ እኔ ዞረች። "አየሻት? ሁልጊዜ እንዲህ ናት" ብላ በኩራት አጉረመረመች፤ በሩን ሳትዘጋ ገባች።